ጃክ ለሌለው ስልክ የትኛው ዳክ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የስልክ ዕቃ መሸጫ ገብቶ «ታይፕ ሲ ወደ ጃክ ኮንቨርተር አለ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ከሁለት ዓይነት ዕቃ አንዱ ይወጣለታል። በመልክ መንታ ናቸው፤ አጭር ገመድ፣ በአንዱ ጫፍ ታይፕ ሲ፣ በሌላው የኤርፎን ቀዳዳ። የመጀመሪያው ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው። በሁለተኛው ውስጥ ግን ዳክ አለ፦ ስልኩ በቁጥር የሚልከውን ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልስ ቺፕ፣ ከእሱም ቀጥሎ ኤርፎኑን የሚነዳ ትንሽ አምፕሊፋየር። ሻጩ ራሱ ልዩነቱን ላያውቅ ይችላል። ገዢው ቤቱ ገብቶ ሲሰካው ስልኩ ዝም ካለ ያልታደለው የቱ እንደደረሰው ያኔ ይገባዋል።

ከዚህ በላይ ያለው ገበያ ደግሞ የባሰ ያደናግራል። አዲስ አበባ የሚገኘውም፣ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣውም፣ በካርቶኑ ላይ የቁጥር መዓት ተጽፎበት ይመጣል። ከቁጥሮቹ አብዛኞቹ ለጆሮ ምንም አይጨምሩም። የሚጨምሩት ጥቂት ሲሆኑ ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በደቃቅ ፊደል ነው።

ለመሆኑ ያስፈልግዎታል?

ስልክዎ 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ካለው በውስጡ ዳክ አለ ማለት ነው። ብዙ የቴክኖና የኢንፊኒክስ ስልኮች ይህ ቀዳዳ አላቸው። ከአይፎን 7 (እ.ኤ.አ. 2016) ጀምሮ ያሉ አይፎኖች፣ ከሳምሰንግ መካከለኛ ስልኮችም እንደ ጋላክሲ ኤ53 (እ.ኤ.አ. 2022) ያሉት የላቸውም። ቀዳዳው ካለ፣ የኤርፎንዎ ድምፅ ከበቃዎት፣ ሙዚቃ በሌለበት ጊዜም «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ካልተሰማዎት፣ ገንዘብዎን ለተሻለ ኤርፎን ያውሉት። በሁለት ደህና ዳኮች መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት፣ በሁለት ኤርፎኖች መካከል ካለው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ፋይሉም ይታይ። በቴሌግራም ቻናሎች የሚዞረው መዝሙርና ዘፈን ብዙው 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ነው፤ አራት ደቂቃው 3.8 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ320 ኪሎቢት የተሠራው 9.6 ሜጋባይት፣ ያልተቀነሰው ፍላክ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ይመዝናል። ዳክ የተጣለውን አይመልስም። ከ128 ተነሥቶ ወደ 320 የተቀየረ ፋይልም መጠኑ ያብጣል እንጂ ድምፁ አይሻሻልም። የፍሪኩዌንሲ ሥዕል (ስፔክትሮግራም) በሚያሳይ መተግበሪያ ሲከፍቱት ድምፁ 16 ኪሎኸርዝ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ከታየ፣ ስሙ ላይ የተጻፈው 320 እንዲያው ለስሙ ነው። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ጥሩ ዳክ የካሴቱን ሹሹታ አጥርቶ ያሰማዎታል። ይህን እንደ መሻሻል የሚቆጥረው ካለ ምርጫው የእሱ ነው።

መለኪያዎቹ

*ቮልት።* ዋናው ይህ ነው። ዳኩ የሚያወጣው ቮልት ከኤርፎኑ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ በኦም) እና ሴንሲቲቪቲ (በአንድ ሚሊዋት የሚያወጣው ድምፅ፣ በዴሲቤል) ጋር መመዛዘን አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለኦሙ ማካፈል ዋቱን ይሰጣል።

16 ኦም፣ 105 ዴሲቤል የሆነ የጆሮ ውስጥ ኤርፎን ይውሰዱ። በ0.5 ቮልት 15.6 ሚሊዋት ያገኛል፤ ይህም ወደ 117 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ጆሮ ከሚችለው በላይ ነው። በተቃራኒው 250 ኦም፣ 96 ዴሲቤል የሆነ የስቱዲዮ ሄድፎን በዚያው 0.5 ቮልት የሚያገኘው 1 ሚሊዋት ብቻ ስለሆነ 96 ዴሲቤል ላይ ይቆማል። በ1 ቮልት 102፣ በ2 ቮልት 108፣ በ4 ቮልት 114 ይሆናል። 96 ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ የከበሮው ምት ጫፍ ላይ የሚደረስበት ከፍተኛው ነው። በደንብ በተቀዳ ሙዚቃ አማካዩ ድምፅ ከጫፉ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለጫፉ 110 ገደማ የሚደርስ አቅም መያዝ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለማይከፈት ድምፅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት መሆኑንም አይርሱ።

*የውጤት ኢምፒዳንስ።* የዳኩ የራሱ ኢምፒዳንስ ከኤርፎኑ አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለ16 ኦም ኤርፎን ይህ 2 ኦም ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ በተለይ በአንድ ጆሮ ውስጥ ብዙ ድራይቨር (ድምፅ አመንጪ ክፍል) ያለው ኤርፎን፣ የቤዙና የቀጭኑ ድምፅ ሚዛን ይለወጥበታል። ሰው «ይህ ዳክ ሞቅ ያለ ድምፅ አለው» የሚለው አንዳንዴ ይህንኑ ነው።

*ማይክ።* ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ የሚቆጭበት ነገር ነው። ለሙዚቃ ብቻ የተሠሩ በርካታ ዳኮች የኤርፎኑን ማይክ አያነቡም። ስልክ ሲደወል ሌላው ወገን የሚሰማዎት በስልኩ ማይክ ነው፤ ስልኩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሰማዎትም። 4.4 ሚሊሜትር የሆነው ባላንስድ (ግራና ቀኙ የየራሱ ተመላሽ ሽቦ ያለው) መሰኪያ ለማይክ የሚሆን መስመር የለውም።

*ባትሪ።* በ5 ቮልት 60 ሚሊአምፔር የሚስብ ዳክ 0.3 ዋት ይበላል። 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ በ10 ሰዓት ማዳመጥ 16 በመቶ ያህሉ ለዳኩ ይሄዳል። 150 ሚሊአምፔር የሚስበው ግን ከባትሪው 39 በመቶ ያህል ይወስዳል። መብራት ሲጠፋ አንድ ቀን ሙሉ በአንድ ቻርጅ ለሚያድር ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም የድምፅ ጥራት ይበልጣል። በዚያ ላይ ታይፕ ሲ ቀዳዳው በዳኩ ስለተያዘ እያዳመጡ ቻርጅ ማድረግ አይቻልም። ሁለቱን አንድ ላይ እሰካለሁ የሚሉ ባለ ሁለት ቀንድ መሰኪያዎች ደግሞ ከብዙ ስልክ ጋር አይግባቡም።

*የኔትወርክ ጩኸት።* ስለዚህኛው የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው፤ ከደብረ ብርሃን ራቅ ሲሉ ግን በደንብ ይሰማል። ስልኩ በ4ጂ ሲሠራ የሚረጨው ኃይል 0.2 ዋት ገደማ ነው። ኔትወርክ በሚሳሳበት የጣርማበር ጥምዝምዝ ወይም የመንዝ ገደላገደል ወደ 2ጂ ሲወርድ ግን እስከ 2 ዋት ሊረጭ ይችላል፤ የሚረጨውም በሰከንድ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ነው። መሸፈኛው ደካማ የሆነ ዳክ ይህን ይለቅምና «ትትትት፣ ትትት፣ ዝዝዝ» ያሰማል። ቺፑ ውድም ይሁን ርካሽ ለውጥ የለውም፤ የሚወስነው የገመዱና የቆርቆሮው መሸፈኛ ነው። ወዲያው የሚያስታግሰው መድኃኒት ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ ማድረግ ነው።

መለኪያ ያልሆኑት ደግሞ እነዚህ ናቸው። «32 ቢት፣ 768 ኪሎኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ አንዱ ነው። ሲዲ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ነው፤ አንድሮይድ ደግሞ በአብዛኛው ሁሉንም ወደ 48 ኪሎኸርዝ ቀይሮ ያወጣል። ይህን የሚያልፍ መተግበሪያ አለ፤ ከአንድሮይድ 14 ወዲህም ሥርዓቱ ራሱ መንገድ ከፍቷል። በጆሮ የሚለይ ለውጥ ግን አይጠብቁ። ኤምኪውኤ (የሙዚቃ ፋይል ማመቂያ ዘዴ ነው) የሚል ምልክት ካዩ አንድም ብር አይጨምሩበት፦ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ኪሣራ አስተዳደር ውስጥ ገባ፤ ዋና ደንበኛው የሙዚቃ ማሰራጫው ታይዳል በ2024 ወደ ፍላክ ዞረ። የቺፑ ስም፣ ኢኤስኤስም ይሁን ሲረስ ሎጂክ፣ ብቻውን አይፈርድም፤ ያው ቺፕ በደህና ሰሌዳ ላይም በደካማ ሰሌዳ ላይም ይሸጣል።

አማራጮቹ ሲፈተሹ

ሽቦ ብቻ የሆነው ኮንቨርተር። የሚሠራው ስልኩ በታይፕ ሲው በኩል የተለወጠ ድምፅ የሚያወጣ ከሆነ ብቻ ነው። አንዳንድ የቆዩ የቻይና ስልኮች ይህን ያደርጋሉ። አዳዲስ ሳምሰንጎችና አይፎኖች አያደርጉም። መለያው ቀላል ነው፤ ላፕቶፕ ላይ ይሰኩት። አዲስ የድምፅ መሣሪያ ተገኘ ካለ ዳክ አለው፤ ዝም ካለ ሽቦ ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይግዙት።

ትንሹ ዳክ። የስልክ አምራቾች ለራሳቸው ስልክ የሚሸጡት ዓይነት ነው። የአፕል ታይፕ ሲ መሰኪያ በአምራቹ አገር 9 ዶላር ነው፤ በልኬትም ከእሱ ብዙ እጥፍ የሚሸጡትን የሚያሳፍር ንጽሕና አለው። ማይክ ያነባል፣ ባትሪም በጣም ትንሽ ይበላል። ሦስት እንከን አለው። አንደኛ፣ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኤ2049 ተብሎ የተጻፈበት 1 ቮልት ያወጣል፣ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ኤ2155 ግን ግማሹን። ጽሑፉ ገመዱ ላይ በደቃቁ ስላለ በስልክ ካሜራ አጉልተው ያንብቡት። ሁለተኛ፣ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የመሰኪያው የራሱ ድምፅ ቅነሳ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይቀራል። ስልኩን እስከ መጨረሻ ከፍተውም ድምፁ የሚያንሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ዩኤስቢውን በቀጥታ የሚቆጣጠር የሙዚቃ ማጫወቻ ይህን ይፈታዋል፣ ለዩቲዩብና ለቴሌግራም ግን አይደርስም። ሦስተኛ፣ ገመዱ ቀጭን ነው፤ አንገቱ ላይ ይበጠሳል። ለአንድሮይድ ተጠቃሚ የሳምሰንግ መሰኪያ ወይም ሌላ መደበኛ ዳክ ያለው መሰኪያ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ባለ 2 ቮልት ዳክ። የአውራ ጣት ያህል የብረት ቁራጭ ነው፤ ባትሪ የለውም፣ ከስልኩ ይመገባል። በ3.5 ቀዳዳው 2 ቮልት፣ ባለ ባላንስድ ከሆነ በ4.4 ቀዳዳው 4 ቮልት ያህል ያወጣል። ከ80 እስከ 300 ኦም ሄድፎን ላለው ሰው ትርጉም አለው። ለ16 ኦም ኤርፎን ግን ጥቅሙ ጥቂት፣ ጉዳቱ የሚሰማ ነው፦ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ሹክሹክታ ይሰማል፤ በስልኩ 15 የድምፅ ደረጃዎች ሁለተኛው ሲያንስ ሦስተኛው ይበዛል። የራሱ የድምፅ ቁልፍ ያለውን ቢመርጡ ይህ ይቃለላል። መሞቁ የተለመደ ነው፤ እጅ መያዝ እስኪያቅተው ከጋለ ግን ይመልሱት።

ባላንስድ በራሱ የተሻለ ድምፅ አይደለም፤ ቮልቱን እጥፍ የሚያደርግ የሽቦ አቀማመጥ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከ4.4 ቀዳዳ ወደ ተራ 3.5 ኤርፎን የሚያገናኝ መቀየሪያ አይጠቀሙ። የግራና የቀኙን ተመላሽ መስመር አንድ ላይ ስለሚያጋጭ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ይችላል። በተቃራኒው መንገድ፣ የባላንስድ ገመድ ወደ 3.5 ቀዳዳ ማምጣት ጉዳት የለውም።

የብሉቱዝ ተቀባይ። ደረት ላይ ወይም ኮሌታ ላይ የሚቆነጠጥ፣ የራሱ ባትሪና ማይክ ያለው፣ ኤርፎን የሚሰካበት ዳክ ነው። የድምፅ አክራሪዎች ይንቁታል። ለዚህ አካባቢ ግን የተናቀውን ያህል አይደለም። የስልኩ ቀዳዳ ነፃ ስለሚሆን ከፓወር ባንክ ቻርጅ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ኤርፎኑ ከስልኩ አንቴና ስለሚርቅ የ2ጂው ጩኸት ይቀንሳል። ገመድ በጋቢ ተጠላልፎ ስልክ መሬት አይጥልም። በአንድሮይድ ኤልዳክ (ድምፅን በብሉቱዝ የመላኪያ ዘዴ) በ330፣ 660 ወይም 990 ኪሎቢት ያስተላልፋል፤ ሰው በበዛበት መናኸሪያ 990 ላይ ይቆራረጣልና 660 ላይ ያቁሙት። አይፎን የሚልከው በኤስቢሲና በኤኤሲ ብቻ ስለሆነ ለኤልዳክ ተጨማሪ አይክፈሉ። የፊልም ንግግር ከአፍ እንቅስቃሴ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

ባለ ባትሪ ዳክ። እንደ ሁለተኛ ስልክ ነው፤ ከ100 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ከስልክ ጋር በላስቲክ ይታሰራል። ለከባድ ሄድፎን እና ላይትኒንግ (የአፕል የራሱ የቻርጅ) ቀዳዳ ላላቸው አይፎኖች (ከ7 እስከ 14) ይጠቅማል። እነዚያ አይፎኖች ብዙ ኃይል የሚስብ ዕቃ ሲሰካባቸው አንቀበልም ይላሉ፤ የራሱን ባትሪ የያዘ ዳክ ይህን ያልፋል። ከስልኩ ቻርጅ እንዳያደርግ የሚያግድ ማብሪያ መኖሩን ይዩ፤ ከሌለው የስልኩን ባትሪ ሲመጥ ይውላል። ቦታ ቆሞ ለሚያዳምጥ እንጂ ለመንገደኛ አይደለም።

| አማራጭ | የሚያወጣው ቮልት | ማይክ | ከስልክ የሚበላው | የአምራች ዋጋ ገደማ | የሚያስከፋው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሽቦ ብቻ | በስልኩ ይወሰናል | አንዳንዴ | የለም ማለት ይቻላል | ከሁሉ ያነሰ | በብዙ ስልክ አይሠራም |
| ትንሹ ዳክ | 0.5–1 | አለው | ጥቂት | 9–20 ዶላር | ገመዱ ይበጠሳል |
| ባለ 2 ቮልት | 2 (ባላንስድ 4) | ብዙው የለውም | ብዙ | 30–100 ዶላር | ባትሪ፣ ሹክሹክታ |
| ብሉቱዝ ተቀባይ | 1–2 ያህል | የራሱ አለው | ጥቂት | 50–130 ዶላር | ሌላ ቻርጅ የሚፈልግ ዕቃ |
| ባለ ባትሪ | 2 እና ከዚያ በላይ | ብዙው የለውም | ማብሪያው ካለ ጥቂት | ከ100 ዶላር በላይ | ክብደት |

ዋጋውን በዶላር ያስቀመጥነው በምክንያት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተጻፈ ዋጋ ቶሎ ያረጃል። ሻጭ ሲጠራልዎ በዕለቱ ተመን አባዝተው ያወዳድሩ። ከአምራቹ ዋጋ በታች ከሆነ ሐሰተኛ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ለየትኛው ፍላጎት የትኛው

ተማሪ ከሆኑ፣ ኤርፎንዎ ከስልኩ ጋር የመጣው ዓይነት ከሆነ፣ ትንሹ ዳክ ይበቃል። የተረፈዎትን ለኤርፎን ያውሉት። ሁለት ትናንሽ ዳክ መግዛት አንድ ትልቅ ከመግዛት ይሻላል፤ አንዱ መበጠሱ አይቀርም።

በሥራ ምክንያት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የሚመላለሱ፣ መንገድ ላይም ስልክ የሚበዛብዎት ከሆነ የብሉቱዝ ተቀባይ ነው። ለዚህ ሰው ባለ 2 ቮልት ዳክ ማለት ኪስ ውስጥ የሚታጠፍ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሲላላ ደግሞ የሚጠገነው ስልኩ ነው።

ማታ ቤት ተቀምጠው በትልቅ ሄድፎን የሚያዳምጡ፣ ወይም መዝሙር ቀድተው የሚያስተካክሉ ከሆነ መጀመሪያ የሄድፎኑን ኦም ይመልከቱ። 32 ከሆነ 1 ቮልት ይበቃል። 80 ከሆነ ባለ 2 ቮልት። 250 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባላንስድ ገመድ የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከተቀበለ ባለ 4 ቮልቱ፣ ካልተቀበለ ባለ ባትሪው። ለሚቀዱ ሰዎች ግን ማሳሰቢያ፦ ብሉቱዝ ለመቅጃ አይሆንም፣ መዘግየቱ ዘማሪውን ከምት ያወጣዋል።

ባለ ባትሪ ዕቃ የሚገዛ ሰው የአገሩን አየር ያስብ። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ የሊቲየም ባትሪ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግም ይጎዳዋል። ደጅ ያደረ ዕቃ ቤት ገብቶ ሳይሞቅ አይሰካ። ሸዋ ሮቢት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ባትሪ ያብጣል።

ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ

የራስዎን ስልክና የራስዎን ኤርፎን ይዘው ይሂዱ፤ ስልኩ ላይ አንድ የፍላክ ፋይል አስቀድመው ይጫኑ። በአንዳንድ ስልኮች፣ ለምሳሌ ኦፖና ዋንፕላስ፣ ኦቲጂ የሚባለው ማብሪያ በሴቲንግ ውስጥ ካልተከፈተ ዳኩ አይነቃም፤ ለጥቂት ደቂቃ ሳይሠራ ሲቆይም ራሱን ያጠፋል። «ዕቃው ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመለሰው ብዙው ይህ ነው። ቀዳዳው ውስጥ የጋቢና የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ መሰኪያው እስከ መጨረሻ የማይገባበት ጊዜም አለ። ስልኩን አጥፍተው በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ያውጡት፤ መርፌ አይንኩበት።

ሙዚቃውን ያቁሙና ጸጥታውን ያዳምጡ፤ ሹክሹክታ ካለ አሁኑኑ ይሰማል። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርገው ከበሮ ያለበት ያጫውቱ፤ ምቱ ጠፍጣፋና ሻካራ ከሆነ ቮልቱ አልበቃም። ለዚህ ፈተና በገና አይምረጡ። እንዝራው (ከጅማቱ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ራሱ ጅማቱን እያነዘረ ስለሚጮህ የተዛባውን ድምፅ ይሸፍንልዎታል፤ ማሲንቆ ወይም ያለ ሙዚቃ የሚዘመር የሰው ድምፅ በተሻለ ያጋልጣል። ከዚያ በድምፅ ዝቅታ ላይ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን፣ በተለይ በእጅ የሚዞር የድምፅ መቆጣጠሪያ ካለው፣ ያረጋግጡ።

ስልኩን ከሴቲንግ ወደ 2ጂ ብቻ አውርደው፣ ዳኩን ከስልኩ ጀርባ ጋር አጣብቀው ለሻጩ ይደውሉ። ጩኸቱ የሚመጣ ከሆነ እዚያው ይመጣል፤ በዚያው ጥሪም ማይኩ መሥራት አለመሥራቱን ይጠይቁት። መሰኪያውን አንገቱ ላይ በቀስታ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉት ሙዚቃው ከተቆራረጠ ሌላ ያውጣልዎ። አሥራ አምስት ደቂቃ አጫውተው ሙቀቱንም በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሻጩ ሻይ ካዘዘልዎ ጊዜው ሳይታወቅ ያልፋል።